የዶሮ ማነቂያው በርሜል

መጋቢት 2፣ ሰኞ

ዛሬ ሁለት ጾም አንድ ላይ ገባ፤ የእኛ ሁዳዴና የእነ ጋሽ ሲራጅ ረመዳን። "ጋሼ፣ እርስዎ ውኃም ስለማይቀምሱ ከፈለጉ እኔ እጠጣልዎታለሁ" አልኳቸው። ዝም። ሆዳቸው ግን ሲመልስልኝ ሰምቻለሁ።

ይህችን ደብተር የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። "ምኞት፣ አፍሽ ላይ የመጣውን ሁሉ ለደንበኛ ከምትናገሪ እዚህ ላይ ጻፊው" አሉ። ይኸው። ከአሥረኛ ክፍል ካቋረጥኩ ወዲህ የጻፍኩት ረጅሙ ነገር ይሄ ነው።

ወርቅ ቤታችን ያለበት ሕንፃ ሊፈርስ ነው። ጋሼ ቸርችል ጎዳና ቁልቁለቱ ላይ አንዲት ሱቅ አግኝተዋል፤ ባለቤቱ እስከ ግንቦት መጨረሻ እጠብቃለሁ ብሏል፣ ከዚያ ለጫማ ነጋዴ ይሰጣታል። ቀብዱ ከየት ይመጣል? ከካዝናው። ካዝናው ውስጥ ሰባት የምኒልክ ወርቅ ሳንቲሞች አሉ። ጋሼ ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ አንድ አንድ እያሉ የለቀሟቸው ናቸው። ኢንጂነር ዘርዓብሩክ የሚባሉ የድሮ ሳንቲም ሰብሳቢ ከፋሲካ በኋላ ሰባቱንም ሊወስዱ ቃል ሰጥተዋል። ሱቋ ካመለጠች ጋሼ ጡረታ ወጡ ማለት ነው። እኔ ደግሞ ጫማ እሸጣለሁ።

"ወርቁ ያው ወርቅ አይደል፣ ለምን ከአምባር የበለጠ ያወጣል?" ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

"ሌላ ሰው ስለሌለው" አሉኝ። "በዚያ ላይ አንዷም ማንጠልጠያ አልተበየደባትም። ለአንገት ሐብል ብለው እሳት ያስነኩት ሳንቲም ለሰብሳቢ ሞቷል። እንደማንኛውም ወርቅ በግራም ነው የሚሸጠው።"

"እኔም አንድ ነኝ፤ ደሞዜን ይጨምሩልኝ።"

"አንቺማ ሁለት ብትሆኚ ከተማው ለቆ ይሄድ ነበር" አሉ። ጋሼ ሲፈልጉ ይችላሉ።

መጋቢት 6፣ ዓርብ

ሰፈሩ ተገለበጠ። ዶሮ ማነቂያ ውስጥ እማማ ምብራት ቤታቸውን ሊለቁ የግድግዳውን እንጨት ሲያስነቅሉ፣ ጭቃው መሐል የተቀበረ ቆርቆሮ ወጣ። ውስጡ የምኒልክ ወርቅ። ከባላቸው አያት የቀረ ነው ይባላል። ስንት ነው? ማንም አላየም። እማማ በነጠላቸው ጠቅልለው በራቸውን ዘጉ።

እኔም አላየሁም። ሰው ሲጠይቀኝ ግን "በርሜል ሙሉ ነው፣ ሦስት ወጠምሻ ተሸክሞ ነው ያወጣው" አልኩ። ለሁለት ሰው ነው ያልኩት። ለሁለት ብቻ። አንደኛው የታክሲ ተራ አስከባሪ ነው።

መጋቢት 9

በርሜሏ ወልዳለች። ከመርካቶ የመጣች ደንበኛ "ሁለት ናቸው አሉ፣ አንዱ ተሰንጥቆ መንገድ ላይ ፈሰሰ" አለችኝ። ረዳቱ ደግሞ ሚኒባሱ በር ላይ ተንጠልጥሎ "ጊዮርጊስ፣ ፒያሳ፣ በርሜል" እያለ ይጠራል። ሳቄን ለመያዝ ምላሴን ነከስኩ። ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ውጤት አምጥቼ አላውቅም።

መጋቢት 13፣ ዓርብ

ኢንጂነሩ መጡ። ሁልጊዜ ሲገቡ ኮፍያቸውን ያወልቃሉ፤ ዛሬ አላወለቁም።

"ሲራጅ፣ ትንሽ ልጠብቅ ነው።"

"ቃል ነበረን እኮ ኢንጂነር።"

"ቃሉ አለ። ግን ዛሬ ሰባት ገዝቼ ነገ ያ በርሜል ገበያ ቢወጣ፣ የእኔ ሰባት ምን ሊሆኑ ነው? እንደ ሽንኩርት በመደብ የሚሸጥ ሳንቲም ማን ይሰበስባል?"

"በርሜል የሚባል ነገር የለም።"

"ስንት ነው ታዲያ?"

ጋሼ ጨርቅ አንስተው ባንኮኒውን ወለወሉ።

"አየህ" አሉ ኢንጂነሩ። "መቶ ነው ብትለኝ ዋጋ ቀንሰን እንስማማ ነበር። አምስት መቶም ቢሆን እንደዚያው። ስንት እንደሆነ የማይታወቅን ነገር ግን በምን ሒሳብ ልግዛው?"

ከወጡ በኋላ ጋሼ የተወለወለውን ባንኮኒ እንደገና ይወለውሉ ጀመር። "ይህን በርሜል ማን ይሆን ያመጣው?" አሉ፣ ለራሳቸው።

እኔ የጆሮ ጌጥ እየጠረግኩ ነበር። በጣም ቆሽሾ ነበር የጆሮ ጌጡ።

መጋቢት 16

ሰው ሁሉ ከሣጥኑ ሥር ሳንቲም እያወጣ ነው። አንድ ያለው አንዷን፣ ሁለት ያለው ሁለቱን። "በርሜሉ ሳይከፈት ልሽጥ" ነው ነገሩ። ጋሼ "አትሽጡ፣ ቆዩ" ቢሏቸው "ለራሱ ሲፈራ ነው" ብለው ወደ መድኃኔ ይሄዳሉ።

መድኃኔ ከእኛ ሦስተኛው በር ላይ ያለው ፍንዳታ ወርቅ ነጋዴ ነው፤ ከመስታወቱ ይልቅ ጸጉሩን ይወለውላል። ከፋሲካ በኋላ አብራኝ የተማረችውን ኤደንን ያገባል። እሷ ዲግሪዋን ይዛለች፣ እኔ የሚዛን ባትሪ እቀይራለሁ። እሱ የሚመጣለትን ሁሉ በግራም ይለቅማል።

በርሜሉን ለሁለት ሰው ነው ያልኩት። እሺ፣ ለአራት።

መጋቢት 19፣ ሐሙስ

መድኃኔ ራሱ መጣ።

"ጋሽ ሲራጅ፣ ስለማከብርዎ ነው። ሰባቱን በግራም ልውሰድልዎ። ትንሽ ቢቆዩ በግራምም የሚወስድ አያገኙም።"

ወርቅን በግራም የሚወስድ እንደማይጠፋ እኔ እንኳ አውቃለሁ። ጋሼ ግን ስለ ቸርችሏ ሱቅ ሲያስቡ ፊታቸው ላይ አየሁት። ካዝናውን ከፈቱ። "ምኞት፣ ሚዛኑን አምጪ" አሉ።

አመጣሁ። አልበራም።

"ባትሪው አልቋል ጋሼ።"

"ሰኞ አይደል የቀየርሽው?"

"ጾሙ ከብዶት ይሆናል።"

መድኃኔ "የኔን ላምጣ" አለ። "የሰው ሚዛን እዚህ ቤት ገብቶ አያውቅም፣ ጋሼ ይቀየማሉ" አልኩት። እሳቸውም እውነት ነው የሚል ፊት ከማሳየት ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም። ሄደ። "እመለሳለሁ" ብሎ።

"ባትሪውን ከኪስሽ አውጪ" አሉኝ ጋሼ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። በርሜል ሙሉ ሳንቲም ሊመጣ ከሆነ፣ ዋጋው ሊወድቅ ከሆነ፣ ይሄ ልጅ ለምን ይገዛል? ሊያቅፋቸው ነው? የሚገዛው በርሜል እንደሌለ ስለሚያውቅ ነው። የሚያውቀው ስላየ ነው። ነቄ አልኩ።

መጋቢት 22፣ እሑድ

እማማ ምብራት አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው የገቡት። አራተኛ ፎቅ ናቸው፤ ውኃው እሳቸው ጋ አይደርስም። ከድሮው ቤት ያተረፏት አሮጌ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ።

"አሥራ አንድ ናት ልጄ። በአንድ የከረሜላ ቆርቆሮ። መድኃኔ ነው የገዛኝ። ስንት እንደሆነ ለሰው አትንገሪ፣ ሌባ ይመጣብሻል አለኝ። አንቺ የሰፈር ልጅ ነሽ ብዬ ነው።"

"ጥሩ ከፈለዎት?"

"በግራም ከፈለኝ። ድሮማ ብዙ ያወጣ ነበር አለኝ፤ ግን ሌላ ቦታ በርሜል ሙሉ ስለተገኘ ዋጋው ሞቷል አለ።" ሻሻቸውን አስተካከሉ። "የማን በርሜል እንደሆነ እንጃ። ዕድሌ ነው፣ የእኔ በወጣ ሰሞን።"

ቁልቁል ወርጄ ሁለት ጀሪካን ውኃ አወጣሁላቸው። ሦስተኛውንም አወጣሁ። ሲመርቁኝ ቸኩያለሁ ብዬ ወጣሁ።

አራብሳ አየሩ ይከብዳል። ከፍታው ይሆናል።

መጋቢት 25

ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ እውነት ለመንዛት ሞከርኩ። ተራ አስከባሪውን ያዝኩት።

"ስማኝ፣ በርሜል የለም። አሥራ አንድ ብቻ ናቸው።"

"ነይማ" አለኝ፣ እየሳቀ። "አሁን ደግሞ አሥራ አንድ? ሙድ ልትይዢብኝ? ያኔ በርሜል ስትይ ፊትሽ አይስቅም ነበር፤ አሁን ግን ልታለቅሺ ነው። ደህና ተዋናይ ሆነሻል።"

ለስምንት ሰው ተናገርኩ። ስምንቱም ሳቁ። አንዷ ወርቅ ጠራጊማ "ዋጋውን አስወደሽ ልትሸጪ ነው" አለችኝ። እኔ። ጆሮዬ ላይ ያለው መዳብ ነው።

ለጋሼ ነገርኳቸው። እሳቸው አልሳቁም።

"አምንሻለሁ። ኢንጂነሩ ግን በእኔና በአንቺ አፍ ሰባት ሳንቲም አይገዛም። ሰው በዓይኑ ማየት አለበት። አሥራ አንዱ አደባባይ ወጥተው ቢቆጠሩ ዋጋው ትንሽ ይቀንሳል፣ ከዚያ ይቆማል። ብዛቱ የታወቀ ክምር ማንንም አያስፈራም። መድኃኔም ይህን ስለሚያውቅ ነው የሸሸጋቸው።"

"እንዲያወጣቸው ምን እናድርግ?"

"ምንም" አሉ። "ንብረቱ ነው።"

ምንም የሚባል ነገር አልወድም።

ሚያዝያ 2፣ ረቡዕ፣ ዒድ

ጋሼ ቤት ተጠራሁ። እትዬ ዘነቡ፣ ባለቤታቸው፣ ለእኔ ብለው ለብቻ የጾም ሽሮ ሠርተውልኛል። እጄን ስታጠብ ከጓዳ ሰማኋቸው።

"ለልጁ ስጠውና ይለፍ። ሱቋ ከምታመልጥ።"

"በግራም ብሰጠው ሱቋም አትገኝም ዘነቡ። ለግማሹ እንኳ አይበቃም።"

"ታዲያ ሱቅ መያዙ ይቅር። ደክሞሃል።"

"ያቺ ልጅስ የት ትሄዳለች?"

"የትኛዋ?"

"አፈኛዋ።"

ሽሮው ጣፍጦ ነበር። ቃሪያው ግን በጣም ያቃጥላል፤ ዓይኔ ድረስ።

ሚያዝያ 11፣ ዓርብ

ኤደን ከሚዜዎቿ አንዷ አድርጋኛለች። ለልብስ ልኬት እነሱ ቤት ሄድኩ። እናቷ ወይዘሮ ሰርክአዲስ ሶፋቸው ላይ እንደ ዙፋን ነው የሚቀመጡት። ኤደን ጓዳ ስትገባ ጠሩኝ።

"ምኞት፣ አንቺ ወርቅ ቤት ነሽ። ስለ በርሜሉ የሚወራው እውነት ነው?"

"በዓይኔ አላየሁም እትዬ።"

"ከዶሮ ማነቂያዋ ሴትዮ ግን የገዛ ሰው አለ?"

"አለ።"

"ማነው?"

"አማችዎን ይጠይቁ፣ እሱ የሰፈሩን ወርቅ ሁሉ ያውቃል።"

ሶፋቸው ላይ ቀና አሉ። "መድኃኔ ነው?"

"ከእኔ አፍ ወጣ?"

"ለእኛ ግን የአንገት ሐብልና ሁለት አምባር ነው ያለው፤ ኑሮ ተወደደ እያለ።"

"ተወዷል እኮ እትዬ" አልኳቸው። "እውነቱን ነው።"

አንድም ውሸት አልተናገርኩም። ቢፈተሽ ንጹሕ ነኝ።

ሚያዝያ 29፣ ማክሰኞ

ፋሲካ ዋለ። ዶሮ በላሁ፣ ሆዴን ታመምኩ። የቸርችሉ ባለቤት ደውሎ የጫማ ነጋዴው ሱቋን በሜትር ለክቷት ሄደ አላቸው። ጋሼ ስልኩን ዘግተው "መልካም" አሉ። መድኃኔ ሰኞ ከነሚዛኑ እንደሚመጣ ልኳል። እሺ ብለውታል።

እሺ ብለውታል።

ግንቦት 1፣ ሐሙስ

እስካሁን እየሳቅኩ ነው የምጽፈው።

ጥሎሹ እነ ኤደን ቤት ነበር። ሽማግሌዎቹ በአንድ በኩል፣ ሴቶቹ በሌላ፤ የፒያሳ ወርቅ ነጋዴዎች ለሙሽራው ብለው ግማሹን ወንበር ሞልተውታል። የመድኃኔ አጎት ሻንጣውን ከፍተው እንደ ደንቡ አንድ በአንድ እያነሱ ያሳያሉ። ቀሚስ፣ እልል። ጫማ፣ እልል። የአንገት ሐብል፣ ሁለት አምባር፣ እልል። መጨረሻ ላይ ከትንሽ ከረጢት "ሦስት የምኒልክ ወርቅ" አሉ። ጨምሯል፤ የወይዘሮ ሰርክአዲስ ቅሬታ ጆሮው ደርሷል ማለት ነው።

ወይዘሮ ሰርክአዲስ "እሰይ፣ ቀጥሉ" አሉ።

"በቃ እመቤቴ፣ ሻንጣው ባዶ ነው።"

"በርሜሉስ?"

ጥሎሽ ላይ "ጨምሩ፣ አልበቃንም" ማለት ልማድ ስለሆነ ሰው ሁሉ ለጨዋታ መስሎት ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

"ፒያሳ በሙሉ የሚያውቀውን እኛ ብቻ አናውቅም ብለህ ነው? በርሜል ሙሉ ወርቅ ቤትህ አስቀምጠህ ልጄን በሦስት ቅምሻ?"

መድኃኔ ላቡ ጸጉሩ ላይ ከቀባው ቅባት ጋር ወረደ። "እትዬ፣ የምን በርሜል?"

"ከምብራት አልገዛህም?"

"ገዝቻለሁ፣ ግን..."

"ስንት?"

ወርቅ ነጋዴዎቹ ወንበራቸውን ወደፊት ሳቡ። እኔ ብርጭቆ የያዘ ትሪ ይዤ በሩ ላይ ነበርኩ። አጎቱ ጎንበስ ብለው "ልጄ፣ አታዋርደኝ። ያለህን አምጣና ስንት እንደሆነ ተናገር" አሉት። መድኃኔ አየኝ። ፊቴን እንደ ስቅለት ቀን ቄስ አድርጌ ጠበቅኩት።

መኪናውን አስነስቶ ሄደ፤ ሲመለስ የከረሜላ ቆርቆሮ ይዟል። ያንኑ ቆርቆሮ፤ ጭቃው እንኳ አልለቀቀውም። አጎቱ እያወጡ ሳህን ላይ አስቀመጡ፤ ሴቶቹ አብረው ቆጠሩ፤ እኔም ከሁሉም በላይ ጮኼ ቆጠርኩ። ከፊተኞቹ ሦስት ጋር አሥራ አንድ።

"ሌላስ?" አሉ ወይዘሮ ሰርክአዲስ።

"ጊዮርጊስን፣ ከዚያ ቤት የወጣው ይኼው ነው። ከዚህ ሌላ አንድም አልነበረም።"

"በሽማግሌ ፊት ነው የምትምለው።"

"በሽማግሌ ፊት።"

እልልታው ቀለጠ። አሥራ አንዱም የኤደን ሆኑ። ወርቅ ነጋዴዎቹ ግን አላጨበጨቡም፤ እርስ በርስ ተያዩ። ከእነሱ መሐል ለመድኃኔ በግራም የሸጡት ሁለት ሰዎች ራሳቸውን ያዙ።

ግንቦት 2

ጠዋት ኤደን ሱቃችን ገባች፣ ቆርቆሮዋን ታቅፋ። ከመድኃኔ ጋር ተጣልታለች።

"ጋሽ ሲራጅ፣ ማንጠልጠያ ይበይዱልኝ። አሥራ አንዱንም። እሑድ በአንገቴ አደርጋቸዋለሁ። መድኃኔ አይነኩም እያለ ሲለምነኝ አደረ፤ ትናንት ባይጋለጥ ሦስት ሰጥቶ ሊሸኘኝ ነበር እኮ።"

ከተበየዱ ለሰብሳቢ ሞቱ ማለት ነው፤ ክምሩ ከገበያ ጠፋ፤ የእኛ ሰባት ብቻቸውን ቀሩ። ንግግሯን ሳትጨርስ የብየዳውን ዕቃ አቀረብኩ።

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። "ልጄ፣ እሳት ከነካቸው ወርቅ ብቻ ነው የሚሆኑት። እንዲህ እንዳሉ ብታስቀምጪያቸው ብዙ ያወጣሉ።"

እግራቸውን ረገጥኳቸው። አላስተዋሉም መሰለኝ፤ ቀጠሉ። "ሰባት የእኔ አሉኝ። ያንቺ ቢበየዱ ለእኔ ነው የሚጠቅመኝ። ይህን አውቀሽ ወስኚ።"

በድጋሚ ረገጥኳቸው።

"ምኞት፣ እግሬ ነው" አሉ።

ኤደን አንዷን አንስታ አንገቷ ላይ ለክታ መስታወቱን አየች። "ልሸጣቸው አይደለም ጋሼ። ላጌጥባቸው ነው።"

ጋሼ አሥራ አንዱንም በየዱ። አንዷን እሳት ሲያስነኩ ግን ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ አየኋቸው።

ግንቦት 5

መድኃኔ አልመጣም። ጫጉላ ላይ ነው፤ ሚዛኑን ይዞ ሄዶ እንደሆን እንጃ። ሠርጉ ላይ የኤደን ሐብል እንደ ቃጭል ይጮህ ነበር።

በግራም የለቀማቸው ሌሎች ሳንቲሞች አሁንም እሱ ጋ ናቸው። ያናድደኛል። አንድ ነገር አስባለሁ።

ግንቦት 14

ኢንጂነሩ ኮፍያቸውን አውልቀው ገቡ። ሠርጉ ላይ ቆጥረው ኖሯል። "አሥራ አንድ፣ ሁሉም የተበየዱ" አሉ። ከመጋቢቱ ትንሽ ቀነሱ፣ "ግድግዳ በፈረሰ ቁጥር ልቤ ይሰጋል፣ ለእሱ ነው" ብለው። ጋሼ ተስማሙ። ሰባቱን አንድ በአንድ በጨርቅ እየጠቀለሉ ሲያስረክቡ፣ ስድስተኛዋን ትንሽ ያዝ አድርገው ነው የለቀቁት።

ቀብዱ ተከፈለ። የጫማው ሰውዬ ሜትሩን ጠቅልሎ ሄደ።

ግንቦት 25፣ እሑድ

አራብሳ ሄድኩ። ውኃ አወጣሁ። እንደ ባለፈው እሑድ። እማማ ምብራት "ምን ሆነሽ ነው በየሳምንቱ የምትለፊው?" አሉኝ። ለስፖርት ነው አልኳቸው። እሳቸውም አላመኑኝም፣ ግን ሦስተኛውን ጀሪካን ራሳቸው አቀበሉኝ።

በርሜሉን ለስንት ሰው ነበር ያልኩት? ረስቻለሁ። የማስታውስበት ምክንያትም የለም።

ግንቦት 28፣ ረቡዕ

ካዝናውን ስድስት ሰው ተሸክሞ ቁልቁል ቸርችልን አወረደው። ከኋላ እኔ ሚዛኑን ታቅፌ፣ ባትሪው ውስጡ። አዲሷ ሱቅ ጠባብ ናት፤ ግን መስኮቷ ሰፊ ነው፤ የሚወርደውም የሚወጣውም ይታያል። እትዬ ዘነቡ ቄጤማ ሊጎዘጉዙ ሲሉ ጋሼ "ኧረ መጀመሪያ ይከፈት" አሏቸው።

ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ። ወደ እኔ ዘረጉት።

"በይ በርሜል፣ ክፈቺ።"

ተሸካሚዎቹ ምንም አልገባቸውም። እትዬ ዘነቡ ወደ ቄጤማቸው ዞሩ። ጋሼ እኔን እያዩ አይደለም፤ መንገዱን ነው የሚያዩት፤ ከንፈራቸው ግን ጫፉ ላይ ተሸብሽቧል።

"ስሜ ምኞት ነው" አልኳቸው።

"አውቃለሁ" አሉ።

ቁልፉ መጀመሪያ እምቢ አለ። በግድ አዞርኩት።